እርሾ በዐማራት ሙቀት፦ ዕቃውን በምን እንምረጥ?

(መግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው የቤት ሙያ ዝግጅታችን ስለ እርሾ ዕቃ ነው። ስለ እርሾው ብዙ ይወራል፤ የሚያድርበትን ዕቃ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ባልዲም ይሁን ድስት፣ የወተት ጣሳም ይሁን አፉ የተቆረጠ ጀሪካን፣ እጅ ላይ የገባው ይነሳና እርሾው ይገለበጥበታል፤ ክዳን ይደፋበታል፤ አለቀ። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ በዚህ ብዙ ላትጎዱ ትችላላችሁ፤ አየሩ ብርድ ስለሆነ ስህተታችሁን ይሸከምላችኋል። ካርቱም ግን አይሸከምም። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲውል፣ የተሳሳተ ዕቃ ውስጥ የገባ እርሾ ማታ ደህና ሆኖ ያድርና ጠዋት ገንፍሎ ወለሉ ላይ ይገኛል። ካልገነፈለም ይኮመጥጣል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም።

ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ካርቱም ውስጥ የእርሾ ዕቃ የሚመረጠው በሙቀቱ ነው። መጠኑም፣ አፉም፣ የተሠራበት ነገርም፣ ክዳኑም ከዚያ ይከተላል።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። እርሾ ሲባል አንዳንዶቻችሁ ጠላና ጠጅ ትዝ ሊላችሁ ይችላል፤ እውነት ነው፣ ጥንስስም የዚሁ ዘመድ ነው። ሱዳን ውስጥ ግን የሚያሰክር መጠጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1983 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። በ2020 ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች ሕጉ ቢላላም፣ ይህን ተማምኖ መጥመቅ ሰውን ችግር ውስጥ እንደሚከት በዚያ የኖረ ያውቀዋል። ስለዚህ ለካርቱም አድማጮቼ የምናገረው ስለ እንጀራ እርሾ ነው። አገር ቤት ላላችሁ ጠማቂዎች ወደ መጨረሻው ላይ ጥቂት እጨምራለሁ።

ዐማራት ከካርቱም ኤርፖርት በስተምዕራብ ያለ፣ መንገዶቹ በቁጥር የሚጠሩ ሰፈር ነው። ከኤምባሲዎቹና ከትልልቆቹ ግቢዎች ጀርባ በቤት ሠራተኝነት፣ በምግብ ቤትና በጥበቃ ሥራ ብዙ ሐበሻ ኖሮበታል፤ ጎረቤቱ ዴም ደግሞ የሐበሻ መናኸሪያ ነበር ማለት ይቻላል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ኤርፖርቱ ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ነበርና ሰፈሩ እሳት መሐል ወደቀ። ከነዋሪው የሚበዛው ወጣ። ከሐበሾቹም ብዙዎቹ በገዳሪፍ አድርገው በገላባት መተማ ገቡ። የሱዳን ጦር ኤርፖርቱን መልሶ የያዘው መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የሚሰሙን ከሞቱ ማቀዝቀዣዎቻቸው አጠገብ የቀሩም፣ የተመለሱም፣ ገዳሪፍ ላይ የቆዩም ይኖራሉ። መብራት የሚሄድበት ቤት ውስጥ ደግሞ የእርሾ ነገር ይበልጥ ይከብዳል፤ ለሁሉም ማዳኛ የነበረው ፍሪጅ የለማ!

(አጭር ሙዚቃ)

ለመሆኑ እርሾ ውስጥ ምን አለ? ሕይወት ያላቸው ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው እርሾ ፈንገሱ ነው፤ ስኳር እየበላ ጋዝ ያወጣል፣ የእንጀራውን ዓይን የሚከፍተውም ይኸው ጋዝ ነው። ሁለተኛው ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የኮምጣጣው ጣዕም የእነሱ ነው። በአውሮፓውያን 1962 ስቴዋርትና አስራት ጌታቸው የሚባሉ ተመራማሪዎች የእንጀራን ጠባይ መርምረው ከጤፍ ሊጥ ውስጥ ካንዲዳ የሚባል እርሾ ማግኘታቸውን ጻፉ። በ1985 ደግሞ ብርሃኑ ጋሼ የባክቴሪያዎቹን ተራ አሳዩ። ሊጡ በተቦካ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚራቡት የማንፈልጋቸው ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ላክቲኮቹ በርትተው ሊጡን ሲያኮመጥጡት እነዚያ ይሞታሉ። እርሾ የምንጨምረው ታዲያ የእነዚያን የመጥፎዎቹን ጊዜ ለማሳጠር ነው። ዕቃው ከበፊቱ ቆሻሻ ይዞ ከመጣ ግን ጊዜያቸውን እናስረዝምላቸዋለን።

ሙቀቱ እዚህ ላይ ይገባል። እርሾ ፈንገሱ ደስ የሚለው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ላክቲኮቹ ግን ወደ 40 ቢጠጋም ይራባሉ። ስለዚህ ሙቀት ሲበዛ የሚያኮመጥጡት ይበረታሉ፣ ጋዝ የሚያወጡት ይደክማሉ። «ዘንድሮ እርሾዬ ኮመጠጠ እንጂ አላነሳ አለ» የምትሉት ይኸው ነው። ጥፋቱ የዱቄቱ ላይሆን ይችላል። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ብረት ዕቃ ደግሞ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ እዚያ ውስጥ እርሾው በሕይወት አይኖርም።

እንግዲህ ከዕቃው የምንፈልገው፣ ሙቀት የማይሰበስብ፣ አሲድ የማይበላው፣ ጋዝ የሚያስወጣ፣ እጅ ገብቶ የሚታጠብ እንዲሆን ነው። የሱዳን እናቶች ይህን ከኛ ቀድመው ፈትተውታል።

ኪስራ የሚባለው የሱዳን ስስ ቂጣ የሚጋገርበትን የማሽላ ሊጥ የሚያቦኩበት ክብ የሸክላ ዕቃ አላቸው፤ ኹማራ ይሉታል። ከቀደመው ሊጥ ከአሥር አንድ ያህል እያስቀሩ አዲሱን ይጨምሩበታል፤ ከ12 እስከ 19 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊጡ ኮምጥጦ ለመጋገር ይደርሳል። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሐሚድ ዲራር በአውሮፓውያን 1993 የሱዳን ባህላዊ የእርሾ ምግቦችን በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሲያሰባስቡ፣ ዕውቀቱን አብዛኛውን ያገኙት ከገጠር አሮጊቶች ነው። እኛ ለሦስት ቀን የምናስቀምጠውን ሊጥ እነሱ በአንድ ሌሊት የሚጨርሱት በሙቀታቸው ምክንያት ነው። ካርቱም ላይ እንጀራ የምትጋግሩ ሁሉ ይህን ብታስቡበት ይጠቅማችኋል፤ ጤፍ ውድ በመሆኑ ብዙዎቻችሁ ፈተሪታ በሚባለው ማሽላ ወይም በነጭ ማሽላና በስንዴ ዱቄት ትቀላቅላላችሁና፣ የአዲስ አበባን ሰዓት መከተል አይገባችሁም።

ሸክላ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የሚባል አለና። ያልተቀባ ሸክላ ቀዳዳ አለው፤ ውሃው በትንሹ ወደ ውጭ ይሰርጋል፣ ሲተንም ሙቀት ይወስዳል። በሱዳን ከተሞች መንገድ ዳር ለአላፊ አግዳሚ የሚቀመጠው፣ ዚር የሚባለው የውሃ ሸክላ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ነው። ሸክላ ሌላም ጠባይ አለው። ቀዳዳዎቹ ውስጥ እርሾው ይሰገሰጋል፤ ስለዚህ ለአንድ ዓመት የእንጀራ ሊጥ ያደረበት ሸክላ አዲስ እርሾ ባይጨመርበት እንኳ ያነሳል። እናቶቻችን ቡሃቃውን አጥበው አጥበው አያነጩትም የሚባለው ለዚህ ነው። ይህ ግን ከሌላው ጎኑ ሲታይ አደጋ ነው። አንድ ጊዜ ሻጋታ ወይም ሮዝ ቀለም ያለው ነገር ከገባበት፣ ከቀዳዳው መንቀል አትችሉም። ሸክላ ታማኝ ነው፤ ለክፉም ለደጉም። ከተበላሸ ለእርሾ አይሆንም፤ አበባ ይተከልበት።

ደግሞ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብለጨልጭ ሸክላ አትግዙ። በአንዳንዱ ቅብ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ይኖራል፤ ኮምጣጣ ነገር ሲያድርበት እርሳሱ ወደ ምግቡ ይወጣል። ያልተቀባው፣ ወፍራሙ፣ አፉ ሰፊው ይሻላል። ገበያ ውስጥ ስታንኳኩት ድምፁ ጥርት ያለ መሆኑን ስሙ፤ የደፈነ ድምፅ ካሰማ ስንጥቅ አለበት።

ስለ ብረት ጥቂት ልበል። አልሙኒየም ድስት ለመቀቀል ጥሩ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ግን ውስጡ ሲያድር ብረቱ ይሟሟል፣ ድስቱ ይጠቁራል፣ እርሾውም የብረት ጣዕም ይይዛል። በየሰፈሩ ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጦ የሚሠራው ደግሞ ይብሳል፤ ምን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፤ በእንዲህ ያሉ ድስቶች ውስጥ እርሳስ የተገኘበት ጊዜ አለ። ከሁሉ የከፋው ዚንክ የተቀባው ቆርቆሮ ባልዲ ነው። አሲድ ዚንኩን ይበላዋል፣ የበላው ሰው ያስታውከዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። በውሃ መቅጃነቱ ይቆይ። መዳብም እንዲሁ። ከብረት ወገን እኔ የማምነው አይዝጌ ብረቱን ብቻ ነው። አይዝጌ ብረት ሙቀት ቶሎ ይቀበላል፤ ጥላ ውስጥ ከሆነ ግን ምንም አይል፣ ይታጠባል፣ ሽታ አይይዝም።

ፕላስቲክ በየቤቱ ያለው ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ባልዲውን ገልብጣችሁ ከሥሩ ያለውን ሦስት ማዕዘን ምልክት እዩ፤ 2 ወይም 5 ቁጥር ካለበት ለምግብ ከሚሠሩት ዓይነቶች ነው። ቁጥሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ ቀድሞ ምን ነበረበት? የቀለም፣ የዘይት ፍሳሽ፣ የፀረ ተባይ፣ የሳሙና ኬሚካል የነበረበት ባልዲ ወይም ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለእርሾ አይሆንም። ፕላስቲኩ የጠጣውን አይተፋም። ንጹሑንም ቢሆን በሽቦ አትፈትጉት። የተቧጨረበት መስመር ውስጥ የሚደበቀውን ውሃ አያወጣውም፤ የተቧጨረ ባልዲ ካላችሁ ወደ ልብስ ማጠቢያ አሳልፉት።

የቀረው ብርጭቆ ነው፤ ለእርሾ ማስቀመጫ ከጠየቃችሁኝ የምመርጠው ብርጭቆውን ነው። ውስጡን ታያላችሁ፤ አረፋው መነሳቱን፣ ቢጫው ውሃ መንሳፈፉን፣ ዝቃጩ ምን ያህል መሆኑን። አሲድ አይነካውም፣ ሽታ አይይዝም። ችግሩ መሰበሩና የፈላ ውሃ ድንገት ሲደፋበት መሰንጠቁ ነው። መጀመሪያ ለብ ባለ፣ ከዚያ በሞቀ፣ ከዚያ በፈላ ውሃ ነው የሚለቀለቀው። ሰፊ አፍ ያለው፣ የማር ወይም በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አትክልት ማስቀመጫ የነበረ የብርጭቆ ጣሳ ጥሩ ነው፤ አንገቱ የጠበበው ጠርሙስ አይሆንም፤ እጃችሁ አይገባበትምና።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ስለ መጠኑና ስለ ማማሰል። እርሾ የተቀመጠበት ዕቃ ከግማሹ በላይ መሞላት የለበትም፤ ካርቱም ላይ ደግሞ ሲሶውን ሞልታችሁ ሁለት ሲሶ ባዶ ብትተዉ ይሻላችኋል። ግማሽ ሊትር እርሾ ካላችሁ ሊትር ተኩል የሚይዝ ጣሳ ፈልጉ። ክፍተቱ ብክነት አይምሰላችሁ፤ አረፋው የሚነሳበት ቦታ ነው። ማማሰልም የሚቻለው ክፍተት ሲኖር ነው።

ማማሰል ለምን ያስፈልጋል? በየላቦራቶሪው ያሉ ሰዎች ይህን አጥብቀው ያውቁታል። በቢራ ፋብሪካ እርሾ የሚያሳድጉ ባለሙያዎች ኤርለንማየር የሚባል፣ ሥሩ ሰፊ ሆኖ ወደ አፉ የሚጠብ ጠርሙስ ይጠቀማሉ፤ ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ኤርለንማየር በአውሮፓውያን 1860ዎቹ መባቻ ያስተዋወቀው ነው። ቅርጹ የተመረጠው ፈሳሹን ሲያሽከረክሩት ግድግዳው ላይ እንዲወጣ እንጂ እንዳይደፋ ነው። በኋላ ማግኔት ያለው ማማሰያ መጣ። ከታች ማግኔት ይዞራል፣ ፈሳሹ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማግኔትም ከሱ ጋር ትዞራለች፤ ፓተንቱ በ1944 ለአርተር ሮዚንገር የተሰጠ ነው። ማማሰሉ ሦስት ሥራ ይሠራል። ኦክስጅን ያስገባል፣ የተጠራቀመውን ጋዝ ያስወጣል፣ የተዘቀጠውን እርሾ ከምግቡ ጋር መልሶ ያገናኘዋል። ኦክስጅን ያገኘ እርሾ የሕዋሱን ሽፋን ያጠነክርበታል፤ ስለዚህ ይበዛል። የዴንማርኩ ካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላይ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በ1883 ከአንዲት ሕዋስ የተነሳ ንጹሕ እርሾ ማሳደግ ከቻለ ወዲህ ፋብሪካዎች በዚሁ መንገድ ከትንሽ ዕቃ ወደ ትልቅ ያሸጋግራሉ።

በቤት ውስጥ ማግኔቱ አያስፈልጋችሁም፤ ማንም እንዳይሸጥላችሁ። ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ግን ማሽኑ ካላቸው አንድ ነገር ይወቁ፤ የማር ጣሳ ሥሩ መሐሉ ላይ ጎበጥ ያለ ከሆነ ማግኔቷ ትንሸራተትና አትዞርም። ሥሩ ለጥ ያለ፣ ስስ ዕቃ ነው የሚሆነው። ለእንጀራ እርሾ የእንጨት ማማሰያ ይበቃል፤ ግን ለእርሾ ብቻ ይሁን፣ ወጥ አይነካ፣ ከታጠበ በኋላ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ጠዋትና ማታ ከሥር አንስታችሁ ማማሰል፣ ማታ አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ውሃ መጨመር፣ በቃ። የዕቃው ጥግ ክብ ይሁን እንጂ ማዕዘን አይኑረው፤ ማዕዘን ውስጥ የደረቀ ሊጥ ማማሰያ አይደርስበትም፣ ሻጋታም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ክዳኑ ስስ ጨርቅ ነው፤ በክር ወይም በላስቲክ ይታሰር። ብረት ክዳን ጥብቅ አድርጎ መግጠም አደገኛ ነው፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ብርጭቆ ይፈነዳል። ሲፈነዳ የሚበረው ስብርባሪ የሰው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ ልጆች ያሉበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ጨርቁ ግን ድርብ ይሁን፤ ሀቡብ የሚባለው የአሸዋ ማዕበል በነጠላው ይገባል። ኮምጣጣ ሽታ የሚስባቸው ትንንሽ ዝንቦችም አሉ፤ እነሱ የሚያመጡት ባክቴሪያ እርሾውን ወደ ኮምጣጤነት ይወስደዋል።

ማቀዝቀዣ ለሌላችሁ ደግሞ የሚከተለውን ሞክሩ። ትልቅ ያልተቀባ ሸክላ፣ የዚር ዓይነት ካገኛችሁ መልካም ነው፤ ካላገኛችሁም ሰፊ ሸክላ ማሰሮ ይሆናል። ከሥሩ እርጥብ አሸዋ አንጥፉ፤ የእርሾውን ብርጭቆ አሸዋው ላይ አስቀምጡ፤ በዙሪያውም እርጥብ አሸዋ ሙሉበት። ከላይ እርጥብ ጨርቅ አልብሱት፤ ነፋስ የሚነካው ጥላ ውስጥ አኑሩት፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አሸዋውን አጠጡ። በደረቁ ወራት ይህ ዘዴ ከውጭው አየር በብዙ ዲግሪ ያወርዳል፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናልና። ኸሪፍ የሚባለው የዝናብ ወቅት ገብቶ አየሩ ሲወፍር፣ በነሐሴ አካባቢ ማለት ነው፣ ዘዴው ይደክማል። በዚያን ጊዜ ሊጡን አሳንሳችሁ ቶሎ ቶሎ መጋገር እንጂ ማቆየቱን አትመኙ።

ከቤት የምትወጡ፣ ድንበር የምትሻገሩም አላችሁ። ሰዎች ከካርቱም ሲወጡ ዕቃ ሁሉ ጥለው ነው የወጡት፤ ሸክላ ተሸክሞ መተማ የሚደርስ የለም። እርሾ ግን በደረቁ ይጓዛል። ንጹሕ ሰሌን ወይም ትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ፀሐዩ በቀጥታ ሳይነካው፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ይድረቅ። ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይነሳል። አድቅቃችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ ያዙት። ስትደርሱ ለብ ባለ ውሃ አርሱት፣ አንድ እፍኝ ዱቄት ጨምሩበት፣ አረፋ እስኪይዝ ጠብቁት። ብርጭቆ ጣሳና ትንሽ ዱቄት የትም ይገኛል።

አገር ቤት ላላችሁ ጠላ ጠማቂዎች ቃል የገባሁትን ላክል። ጥንስስ ማለት ጌሾና ውሃ፣ ከዚያም ብቅል የሚዋሃዱበት የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ የጠላችሁ ነገር የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ጋኑን በግራዋ ፈትጎ በወይራ ማጠን ሽታ ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ የቀዳዳዎቹን ነዋሪ ለመቀነስ ጭምር ነው። ለጥንስስ የምትጠቀሙበት ጋን ደግሞ ከዋናው ማደሪያ ይነስ፤ ትንሹ ዕቃ ቶሎ ይነሳል፣ ወደ ትልቁ ይገለበጣል። የፋብሪካው ባለሙያ በጠርሙስ የሚሠራውን የኛ ሴቶች በጋንና በእንስራ ሲሠሩት ኖረዋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከመቋቋሙ ብዙ ዘመን በፊት።

እንግዲህ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ፍርዴን ልናገር። ዐማራት፣ ዴም ወይም ገዳሪፍ ላይ ያላችሁ፣ ለእርሾ ማስቀመጫ ሰፊ አፍ ያለው የብርጭቆ ጣሳ፣ ለሊጡ ያልተቀባ ሸክላ ወይም አይዝጌ ብረት ውሰዱ። የቆርቆሮውን ባልዲና የቀለሙን ባልዲ ግን ዛሬውኑ ከእንጀራው ጉዳይ አውጡ። ጎረቤታችሁ አሁንም በዚያ የሚያቦካ ከሆነ ደግሞ፣ ይህን ዝግጅት ስላልሰማ ሊሆን ይችላልና ንገሩት። ደህና ሁኑ።

(መዝጊያ ሙዚቃ)